የቀጥቃጭ ልጅ ካሜራ ሲያነሳ

መብራት ባይጠፋ ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ በር ብቻ እየበየድኩ እኖር ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ ከገበያው ወረድ ብላ ያለችው የብየዳ ቤቴ ሥራ አታጣም። የግቢ በር አለ፣ የመስኮት ፍርግርግ አለ፣ የመጋዘን መዝጊያ አለ። ለራሴ ደስታ ደግሞ ከቁርጥራጭ ብረት ወፍና ዛፍ እሠራለሁ፤ የተሰበረ ማጭድ ክንፍ ይሆነኛል፣ የብስክሌት ሰንሰለት አንገት ይወጣዋል። ሰዉ «አርቲስቱ» ይለኛል፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለቀልድ።

መብራት ሲጠፋ ግን ማሽኑ ዝም ይላል፣ እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም። አንድ ክረምት መብራቱ ሄድ መጣ እያለ ሲያስቸግረኝ፣ የሠራኋቸውን በሮች እየዞርኩ በስልኬ ማንሳት ጀመርኩ። ለደንበኛ የማሳየው ናሙና ይሆነኛል ብዬ ነበር። ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን ሳያቸው ግን በሮቹ ዳር ላይ ተቆርጠው ቀርተዋል። መሀሉን የያዙት ሰዎቹ ናቸው፦ ውኃ ተሸክማ በሩን በትከሻዋ የምትገፋ ሴት፣ ጣታቸውን በፍርግርጉ አሾልከው መንገዱን የሚያዩ ሽማግሌ። ፊታቸው አይታይም። ሁሉንም ከሩቅ፣ ከጀርባ ነው ያነሳኋቸው።

ከዚያ በኋላ ልቤ አላርፍ አለ። መብራት እያለም መውጣት አመጣሁ። ጠዋት ጉሙ ከደጋው ላይ ሲገፈፍ ብርሃኑ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ እሱ እንዳያመልጠኝ ግማሽ የተበየደ በር ጥዬ እሮጣለሁ። ደንበኞቼ እየመጡ ቤቱን ዝግ ሆኖ ያገኙታል። አንድ ነጋዴማ ተመላልሶ ሲሰለቸው፣ ሌባ እንጂ በያጅ እንዲህ ሲሰወር አይቼ አላውቅም ብሎ በጎረቤቶቼ ፊት ተቆጣኝ። እውነቱን ነው። እኔም ምን እየፈለግሁ እንደሆነ ልነግረው አልቻልኩም።

የፈለግሁት የሰው ፊት ነበር። እሱን ነበር የፈራሁት።

አባቴ ቀጥቃጭ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ከአባታቸው በወረሱት መስፍ ላይ ማረሻና ምሳር ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። የአገሩ ገበሬ ያለ እሳቸው ማረሻ አያርስም፤ እሳቸው እያዩት ግን እህል አይቀምስም። የቀጥቃጭ ዓይን ይወጋል ይባላላ። እኔ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ብየዳ ስማር ይህ ነገር ከላዬ የወረደ መስሎኝ ነበር። ማሽንና ጥቁር መነጽር ይዤ ስታይ ማን የማን ልጅ ነህ ይለኛል ብዬ።

በአንድ የገበያ ቀን ግን ልጅ ያዘለች እናት አየሁ። ፀሐይዋ ከድንኳኖቹ መሀል ሾልካ የልጁ ጉንጭ ላይ አርፋለች። ስልኬን ይዤ ቀረብ አልኩና ላንሳው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ፈገግ ብላ ልታዞርልኝ ስትል፣ አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት። እናቲቱ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ የልጁን ፊት ሸፈነችው።

«ይቅርብን ወንድሜ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ገና ከሕመም መነሳቱ ነው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በትሕትና ነው የከለከለችኝ፣ ሰው እንዳይቀየማት እንደምትጠነቀቅ ሴት። ወደ ቤቴ ተመልሼ ግራይንደሩን አስነስቼ፣ ምንም የማይፈልገውን ብረት እጄ እስኪደነዝዝ ስሞርድ ዋልኩ። ካሜራ የሚባል ነገር ትቻለሁ አልኩ። በማግስቱ ጠዋት ጉሙ ሲነሳ እንደገና ወጣሁ።

ያን ሰሞን ነው የአንዲት የከተማችን ፎቶ ቤት ባለቤት ወደ ብየዳ ቤቴ የመጣችው። በዕድሜ ታላቄ ናት፤ አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርአን ያስቀሩ ሼህ ናቸው፣ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የመታወቂያ ፎቶ ታነሳለች፣ ሰርግ ትቀርጻለች። የፕላስቲክ አበባ ሰልችቷት ሙሽሮች የሚቆሙበት የብረት ቅስት እንድሠራላት ፈለገች። ከቀጭን ፌሮ እያጣመምኩ የሐረግ ቅስት ሠራሁላት። ልትወስድ ስትመጣ በስልኬ ያሉትን ፎቶዎች አሳየኋት። እስከ መጨረሻው ካየች በኋላ ለምን ቀረብ ብዬ እንዳላነሳሁ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ የስልኩን ካሜራ ሰበብ አደረግሁ። ሰበቤን እንዳልተቀበለችው ሳይ ግን የአባቴን ሙያና የገበያውን ነገር ነገርኳት።

«ሴት ልጅ ካሜራ አንግታ ስትዞር እኔን ምን ይሉኝ እንደነበር ብነግርህ ያንተ ይቀልብሃል» አለችኝ። «አብሽር። አብረን እንሥራ።»

እንዲህ ሆነን ጀመርን። እኔ ማቆሚያውንና ፍሬሙን እሠራለሁ። አንድ ላሜራ እንደ መስተዋት አድርጌ ወለወልኩና ብርሃን ወደ ፊት የሚመልስ ሰሌዳ አደረግሁት። አቀስታና ዙሪያው ሰርግ ሲኖር ዕቃ ተሸካሚዋ መስዬ እከተላታለሁ። ሰዉ እሷን ያያል፣ እኔ ላሜራውን ይዤ ጎን ላይ እቆማለሁ። የሰውን ፊት እንዲያ ቀርቤ፣ ሳይሸሸኝ፣ ያየሁት ያኔ ነው። አሮጌ ካሜራዋንም አውሳኝ መያዣውን አስተማረችኝ።

ግን ተጣላን። እሷ ሰውን ቀጥ አድርጋ ታቆማለች፤ ቀና በሉ፣ ወዲህ እዩ ትላለች። እኔ የምወደው ተነስተን አበቃን ብለው ትከሻቸው ሲላላ ያለውን ነው። አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው አያት ደክሟቸው ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን ሲያሳርፉ፣ አታስነሻቸው፣ እንዲሁ አንሻቸው ብዬ በሰው ፊት ተናገርኳት። አነሳቻቸው፤ ግን ተናዳ ነበር። ይሄ የሰው ሰርግ እንጂ ያንተ ብረት አይደለም አለችኝና ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለብዙ ቀን አልተነጋገርንም። እኔም ወደ በሮቼ ተመለስኩ፤ በየድኳቸው ከማለት አንገላታኋቸው ማለት ይሻላል።

አንድ ቀን የሙሽራውን አያት ፎቶ አሳጥባ ይዛ መጣች። ቤተሰቡ ከሁሉ አስበልጦ የወደደው እሱን ነው አለችኝ። ይቅርታ አላለችም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ይልቅ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ፤ አባትህን ለምን ሄደን አናነሳም አለች። እኔ ለራሴ እንኳ ደፍሬ ያላልኩትን።

እስከ መገንጠያው በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ወረድን። አባቴን ከዳሳቸው ሥር ወናፋቸውን ሲነፉ አገኘናቸው። ሰላምታ ሰጥተው፣ የአገሩን ደህንነት ጠይቀው ሲያበቁ ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ማን እንደሆንን ታውቃለች?» አሉኝ።

ታውቃለች አልኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም። ገብተው የገብስ ቆሎ በሰፌድ አመጡና ፊቷ አኖሩላት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ወናፉ ዞሩ። እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ እሱ ሳይሳቀቅ እንዲበላ እሳቸው ዞር ይላሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ልማድ ሆኖብኝ ኖሯል። ያን ቀን እንግዳዋን ሳስብ ግን ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

እሷ ሰፌዱን አንስታ በእሳቱ ማዶ ዞረች። ፊት ለፊታቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ቢስሚላህ ብላ ከቆሎው ዘገነች።

«አባባ፣ ብቻዬን መብላት አልወድም» አለቻቸው። «ይምጡ እንብላ።»

የአባቴ እጅ ወናፉ ላይ ቆመ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ መጡና ተቀመጡ። ከአንድ ሰፌድ በሉ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ አወሩ።

ያዋሰችኝን ካሜራ አወጣሁ። ላሜራውን ግድግዳው ላይ ደግፌ ብርሃኑን አስተካከልኩ። መንገዱን ሁሉ ሳስበው የመጣሁት ይህን ፎቶ ነው። አባቴ ግን ካሜራውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተማ አይተኸኛል» አሉ። «እሷ ታንሳኝ። አንተ መዶሻውን ያዝ፣ ብረቱ እየበረደ ነው።»

ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ብረት ቀጥቅጬ አላውቅም። እሳቸው በጉጠት ይዘው ያገላብጣሉ፣ እኔ እመታለሁ። ተናድጄ ስለነበር አመታቴ ይዛነፋል። ቀስ፣ ቀስ ይሉኛል፤ የካሜራው ድምፅ ከማዶ ይሰማኛል፣ የምትቆመው ቦታ ልክ አይደለም እያልኩ በልቤ እከራከራታለሁ። ልክ ነበረች። ፎቶው ላይ አባቴ አንገታቸውን ቀና አድርገው በቀጥታ ካሜራውን ያያሉ። እንዲያ ሰውን ፊት ለፊት ሲያዩ እኔም አይቻቸው አላውቅም። እኔ አጠገባቸው እጄ ደብዝዞ፣ ግንባሬ ተቋጥሮ ቆሜያለሁ። ቀናሁባት። ስንመለስ መንገድ ላይ ነገርኳት፤ እሷም በሙሽራው አያት ፎቶ እኔ ላይ ቀንታ እንደነበር ነገረችኝ፤ ተሳሳቅን።

ፍሬሙን ከአባቴ አሮጌ ማረሻዎች ሠራሁትና ፎቶ ቤቷ መስኮት ላይ ሰቀልነው። ያልወደዱ ነበሩ። አንድ ሙሽራ ለሰርጉ የያዘውን ቀጠሮ ሰርዞ ወደ ሌላ ሄደ፤ እሷ ፎቶውን አላወረደችም። አባቴ ገበያ ሲወጡ ሊያዩት መጡ። ወደ ውስጥ ግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ። ከመንገዱ ማዶ ቆመው፣ ፎቶውን ሳይሆን ፎቶውን የሚያየውን መንገደኛ ሲመለከቱ ቆዩ።

«ዞር አይሉም እኮ» አሉኝ በመጨረሻ፤ ሊሸጡት ያመጡትን ማረሻ አንስተው ወደ ገበያቸው ሄዱ።

እኔ ግን አሁንም አልተረጋጋሁም። ጠዋት እበይዳለሁ፣ ከሰዓት ፎቶ ቤት ነኝ፤ አንዱ ጋ ስሆን ሌላው ይጠራኛል። በቅርቡ ከደጎሎ ወጣ ብላ የምትኖር አንዲት ሸክላ ሠሪ ትነሳ እንደሆነ አስጠየቅን። እሺ አለች፣ ተወችው፣ እንደገና ኑ አለች። ላሜራውን ሚኒባሱ አናት ላይ አሳስረን ጉዞ ጀመርን። አስፋልት የሌለው መንገድ ላይ እየተንገጫገጭን ሳለ ግማሽ ያደረስኩለት የግቢ በር ባለቤት ደወለልኝ። የት ነህ ሲለኝ የደጎሎ መንገድ ላይ ነኝ አልኩት። መቼ ትመለሳለህ አለኝ።

አላውቅም አልኩት። ሸክላ ሠሪዋ ስንደርስ ሐሳቧን ትቀይር አትቀይር እንኳ አላወቅንም ነበር።