ሶንጎ የተቀመጠው ንጉሥ

ትናንት ከሥራ ስወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ስረዳ ስለዋልኩ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፤ ቢሆንም ከአንድ የቡና መጋዘን በር ላይ ቆም አልኩ። የረጠበ ጆንያ ለፀሐይ አስጥተዋል። የቃጫው፣ የአፈሩና የቡና ገለባው ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ስንት ዓመት ያላሰብኩት የእትዬ ሙሉ ቪዲዮ ቤት ትዝ አለኝ።

ቪዲዮ ቤቷ ከገበያው ጀርባ ያለች ረጅም የጭቃ ክፍል ነበረች። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቶቿ በቡና ጆንያ ተጋርደዋል፤ ክረምት ሲገባ ጆንያው ዝናቡን እየጠጣ ክፍሉን በሽታው ይሞላዋል። ፊት ለፊት በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ እንደ ምጣድ የሚግል ዴክ፣ ወዲህ ደግሞ መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች። ከዴኩ አጠገብ፣ የተገለበጠ የቢራ ሣጥን ላይ፣ ጋሽ በየነ ይቀመጣል። አስተርጓሚያችን እሱ ነበር።

ጋሽ በየነ ጎረቤታችን ነው። በጉልምስናው ዘመን ቡና ሲጭንና ሲያወርድ ኖሮ ወገቡ ሲከዳው እትዬ ሙሉ ለዚህ ሥራ ወሰደችው። ሕንድኛ የት እንደተማረ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ "ድሬዳዋ፣ ሕንድ ነጋዴ ቤት።" ድሬዳዋን ይወቃት አይወቃት ያጣራ የለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ንጉሡን በወፍራም ድምፅ፣ ንግሥቲቱን በቀጭን ድምፅ፣ ሲያስፈልግም ፈረሱን ሆኖ ይናገራል። ሲጨርስ ድምፁ ተሟጦ ያልቅና ውኃ እንኳ በእጁ ምልክት ነው የሚለምነው። ዛሬ ሳስበው መጀመሪያ ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ያ ድካሙ ነው። ያኔ ግን ልጅ ነበርኩና ውኃውን አቀብዬው "ጋሼ፣ ድገምልን" እለው ነበር።

የሁላችንም ፊልም አንድ ነበር። ካሴቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ስለጠፋ "ንጉሡ" ነበር የምንለው። ንጉሡን የገዛ ወንድሙ በተንኮል ከዙፋኑ ያወርደዋል፤ ንግሥቲቱ ከነወርቋ እስር ቤት ትጣላለች፤ ልጃቸውን የፈረስ ባልደራስ ደብቆ ያሳድገዋል። ልጁ ሲያድግ አክተሩ እሱ ነው። ፊቱን ሸፍኖ የቤተ መንግሥቱን አጥር ይዘላል፣ በሰይፍ ይፋለማል፣ ዝሆን ላይ ቆሞ ይዘፍናል። መጨረሻ ላይ ክፉው ወንድም ተንበርክኮ ይቀርባል፤ ንጉሡ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ጥምጥም ያሰሩ ሽማግሌዎች ይነሳሉ። እዚህ ላይ ዴኩ ካሴቱን ስለበላው ምስሉ ይርገፈገፍና ወዲያው ሁሉም ሲጨፍር እናያለን።

ንጉሡ ምን ብሎ ነው ጠላቱን ከጭፈራ ያደረሰው? ጋሽ በየነ ያውቃል። "ወንድሜ ላይ ብቻዬን አልፈርድም አለ ንጉሡ፤ ነገሩ ሶንጎ ይውጣ!" ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚፈቱበት ቦታ ነው። ጋሽ በየነ ባለጥምጥሞቹን አንድ በአንድ ያናግራቸዋል፣ በዳዩን ያናዝዘዋል፣ ይቅር ያስብለዋል። በገበያ ቀን ከኮንጋ መንደር መጥተው ቡና የሸጡ እናቶች ጭቃ የነካው እግራቸውን ሰብስበው "እውነቱን ነው! እንዲህ ነው እንጂ!" ይላሉ። እኔም ሕንድ አገር ሶንጎ መኖሩን ለአፍታ ተጠራጥሬ አላውቅም።

የተጠራጠረው የእትዬ ሙሉ የወንድሟ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ አንድ ቅዳሜ ፊልሙን እያየ ሳቁን ለቀቀው። "ይሄ ሰውዬ አንድ ቃል አያውቅም! ሕንድ አገር ምን ሶንጎ አለ?" ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። እትዬ ሙሉ ሲጨንቃት፣ "እንግዲያው ከከተማችን ኮሌጅ ሕንዱን አስተማሪ አምጣው። ውሸት ከሆነ በየነን አሰናብታለሁ፤ ቤቴ የውሸታም ቤት አይባልም" አለች።

በሳምንቱ ከጋሽ በየነ ጋር አብረን ወጣን። ሸሚዙን አጥቦ ለብሷል። መንገድ ላይ፣ "ዛሬ ካሳፈሩኝ ወደ ጆንያው ልመለስ ነው?" አለኝ። "ወገብ የለኝም እኮ፣ ልጄ።" እጁን ያዝኩት።

ሚስተር እያልን የምንጠራው ሕንዱ አስተማሪ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ጋሽ በየነ እየተርበተበተ ጀመረ፤ ንግሥቲቱ ስትታሰር ግን ሞቀው፤ ሶንጎው ላይ ሲደርስ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር። ሚስተር ቴሌቪዥኑን ትቶ የሚያየው እሱን ነበር። ሲያልቅ ያ የአዲስ አበባው ልጅ ትርጉሙ ልክ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ሚስተር ተነስቶ የጋሽ በየነን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠና አጭር ነገር ተናገረ። ልጁ ወደ እኛ ዞረ። "ልክ ነው አለ" አለን፣ ቅር እያለው። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፤ እትዬ ሙሉ እልል አለች።

ጋሽ በየነ ግን ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ሕንዱን ሲያይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሚስተር በመንገድ ሲያልፍ ባየ ቁጥር ሊጠራው ቃጥቶ ይተወዋል።

ዓመታት አለፉ። ዲሽ መጣ፣ ቪዲዮ ቤቷ ተዘጋች፣ እኔም ነርስነት ለመማር እዚያው ኮሌጅ ገባሁ። ሚስተር አስተማሪዬ ሆነ። አንድ ቀን ያንን ቅዳሜ አነሳሁበትና ሳቀ። እሱ ለካ የደቡብ ሕንድ ሰው ነው፤ በቤታቸው የሚነገረው ሌላ ቋንቋ ነው፤ ሕንድኛ ከሰላምታ አያልፍም። "አንድ ሰው ላብ በላብ ሆኖ አየሁ፤ ቤት ሙሉ ሕዝብ ትንፋሹን ውጦ ሲሰማው አየሁ። ምን ልበል?" አለኝ። በአንድ ገበያ ጌዴኦፋ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛና ጉራጊኛ እየሰማን አድገን፣ ሕንድ ሁሉ አንድ ቋንቋ የሚናገር የመሰለን እኛ ነን። አፈርኩ።

በዚያው ዓመት ጋሽ በየነ አልጋ ያዘ። ልጠይቀው ስሄድ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ እጄን ያዘ።

"ድሬዳዋን አላውቃትም" አለኝ። "ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉትን ሰዎች ፊት እያየሁ ነበር የምናገረው። ያ ሕንዱ ልክ ነው ሲል፣ እውነት አግኝቼው ነው ወይስ አዝኖልኝ? ይሄ ነገር ስንት ዓመት እንቅልፍ ነሳኝ። ጠይቀሽልኝ ታውቂያለሽ?"

"ጠይቄዋለሁ፣ ጋሼ።"

"ምን አለ?"

"አንድም ቃል አልሳተም አለኝ። ሶንጎውንም ቢሆን፣ ንጉሡ ያለውን ነው ያለው አለ።"

ፊቴን ትክ ብሎ አየው። በቪዲዮ ቤቷ ስንት ዓመት የሠራው ሥራ ይህ ነበር።

"እንዲህስ አላለም" አለ ባለቀ ድምፁ። "ግን ደህና አድርገሽ ተርጉመሽዋል።" ከዚያ እጄን ሳይለቅ ዓይኑን ጨፈነ።

አሁን የሐኪሙን ቃል ለጌዴኦ እናቶች በቋንቋቸው የምነግራቸው እኔ ነኝ። ከፋም ለማም አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስም፤ ሕይወት ነው። ሐኪሙ ተናግሮ ሲጨርስ ግን ቶሎ አፌ አይከፈትልኝም፤ የእናትየውን ፊት እያየሁ እዘገያለሁ።

"ምነው ሲስተር፣ ደከመሽ?" ይለኛል ሐኪሙ።

አዎ፣ ደክሞኛል እለዋለሁ።