የሜዳው መስመር ቀጥ ይበል ያልኩ ጊዜ

ልጄ ሰቆጣ ላይ ጌም ቤት የከፈተችው መብራቱ መለስ ቀለስ ማለቱን ከቀነሰ በኋላ ነው። የመንገድ ዳሩን ክፍል እኔ ሰጠኋት፤ ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከወልዲያ አስመጣች። አስተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም ከሥራ ሲወጣ የኳስ ጌም ይጫወትባቸዋል። ባሏ ትቷት ስለሄደ መተዳደሪያዋ ይኸው ነበር።

እኔ ዕድሜዬን ደሃና ወረዳ ውስጥ ክር እየወጠርኩ እርከን ሳሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጌሙን ሳይ ዓይኔን የያዘው የሜዳው መስመር ነው። አግድም ሲሆን ደኅና ነው፤ ሰያፍ ሲሆን ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ደረጃ ደረጃ ይሠራል።

«ይኼን ያበጀ ሰው ክር አያውቅም» አልኳት።

«አባዬ፣ ስዕሉ ከትንንሽ ነጥብ የተሠራ ነው። ጠርዙን የሚያለሰልስ ማስተካከያ አለው፤ ማሽኑን ግን ያደክመዋል።»

ማስተካከያውን ከፍታ አሳየችኝ። ዜሮ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት ይላል። ፊደል ቢያስቸግረኝም ቁጥር አውቃለሁ።

«ስምንት አድርጊው።»

«ኧረ ሁለት ይበቃዋል፣ አባዬ።»

«በገዛ ቤቴ?»

አደረገችው። መስመሩ ቀጥ አለ። ኮምፒውተሩ ማጓራት ጀመረ። ጠርዙን ለማለስለስ እያንዳንዱን ስዕል ደጋግሞ ስለሚያሰላ፣ ስዕሉ እየዘገየ ይመጣል፤ ሯጩ እየተቆራረጠ ይሮጣል፤ ምታ ብለው ከተጫኑት ኳሱ ቆይቶ ነው የሚሄድ። ይኼን በኋላ ነው የተረዳሁት። ያኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ «እንዴት ነው ሜዳው?» እላለሁ።

«በጣም ያምራል አባባ፣ ዕድሜ ይስጥዎ» ይሉኛል። አንዱ አስተማሪ «ኳሷም እኮ እርስዎን አክብራ ነው ቀስ ብላ የምትሄድ» አለኝ። ምስጋና መስሎኝ ሳቅሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ክፍሉ ባዶ ሆነ። ልጄን የት ሄዱ ብላት «ታችኛው ሰፈር፣ ሌላው ጌም ቤት» አለች። ዱላዬን ይዤ ወረድኩ። ስገባ ሁሉም ብድግ አሉ።

«ተቀመጡ። ምን በደልናችሁ?»

አስተማሪው መሬት መሬት እያየ፣ «አባባ፣ እኛ ኳሱ እስኪነሳ ስንጠብቅ ጎል ይገባብናል» አለ።

«ታዲያ ምነው አልነገራችሁኝ?»

«እርስዎ ደስ ብሎዎት ተቀምጠው እያየን፣ ማን ደፍሮ ይናገር?»

ይቅርታ አላልኳቸውም። «ልጄ ወደ ድሮው ትመልሰዋለች፤ ነገ ኑ» ብዬ ወጣሁ።

ለልጄም «ሁለት አድርጊው» አልኳት።

«አሁንስ ዜሮ ነው የሚሻል። የሸሹት ፍጥነት አጥተው ነው።»

«ዜሮ ይሁን።»

በማግስቱ አስተማሪው ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ሌሎቹ ታች ለምደው ነበርና፣ ገሚሶቹ እስኪመለሱ ጾሙ ገብቶ ወጣ። እስከዚያ ልጄ ገቢ አጥታ አንዱን ኮምፒውተር ሸጣለች። በቀረው ተራ እየጠበቁ ይጫወታሉ፤ እኔም ስለ መስመሩ አልጠይቅም።