ድምፁ የተዘጋ አውሮፕላን

መርሳ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ገባ ብሎ፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። የሰሜኑ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ሥራው ቀዘቀዘ፤ በቀን ሁለት ሦስት ሰው ማመልከቻ ቢያስጽፍ ነው። በቀረው ሰዓት አውሮፕላን አበር ነበር።

ኮምፒውተሩን የገዛሁት ወልድያ ላይ ጌም ቤት ከነበረው ሰው ነው። ቤቱን ሲዘጋ ከነጆይስቲኩ፣ ከነማብረሪያ ዘንጉ፣ ሰጠኝ፤ ውስጡ የነበረውን የተዋጊ ጄት ማብረሪያም ሳያጠፋው ቀረ። እኔም መጀመሪያ የከፈትኩት ልሰርዘው ብዬ ነበር። የሚያዘው ሁሉ ተኩስና ማሳደድ ነው፤ የእሱን ነገር ደግሞ በዚያ ሰሞን ከዜናው የምንሰማው ይበቃን ነበር። ከታች በኩል ግን በነፃ መብረር የሚባል ምርጫ አገኘሁ። ጠላት የለም፣ ዒላማ የለም፤ አንዲት አውሮፕላንና ባዶ ሰማይ ብቻ። ሳልሰርዘው ቀረሁ።

መነሳትና ማረፉን ከለመድኩ በኋላ መገልበጥ አማረኝ። አፍንጫዋን ወደ ላይ አንስቶ፣ በጀርባ አልፎ፣ ሙሉ ክብ ሠርቶ ወደ ጀመሩበት ቦታ መመለስ። ሉፕ ይሉታል። አልሆነልኝም። ቀስ ብዬ ስስባት ጫፍ ላይ ፍጥነቷ ያልቅና በአንድ ክንፏ ተንጋዳ ትወድቃለች፤ በኃይል ስስባት ደግሞ ስክሪኑ ጥቁር እያለ ሄዶ ምንም አይታየኝም። ሱቅ ከከፈትኩ እስከ ምሳ ሰዓት ሃያ ጊዜ የተከሰከስኩበት ቀን አለ።

አንድ ቀን እንደዚያው እየታገልኩ፣ ከኋላዬ የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ።

«አትጎትቻት! ለምኛት እንጂ!»

ደንግጬ ዞርኩ። ከወንዙ ማዶ የፓፓያና የማንጎ ማሳ ያላቸው አባት ናቸው። ለመስኖ ጉዳይ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጥተው፣ ሰላምታ ቢሰጡኝም አልሰማኋቸውም። ይቅርታ ጠይቄ ወንበር ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከስክሪኑ አልተነሳም።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ስስበው ለምንድነው የሚጠቁረው?»

«ደም ከራስሽ ወደ እግርሽ ወርዶብሽ ነዋ። እውነት ቢሆን ኖሮ አሁን ራስሽን ስተሻል።»

በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት የጄት ሞተር ጠጋኝ እንደነበሩ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ።

«እርስዎስ አብርረው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«አንድም ቀን። እኛ ጠግነን እናስረክባለን። እነሱ ይወጣሉ፤ እኛ አንጋጠን እንቆጥራለን። ሲመለሱ ደግሞ ከሞተሩ ቀድመን ፓይለቱን ነበር የምናየው። አልሀምዱሊላህ እንል ነበር።»

ማመልከቻቸውን ጻፍኩላቸው። በማግስቱ የሚያስጽፉት ሳይኖራቸው መጡ። ከዚያ በኋላ ከቀትሩ የዙህር ሶላት መልስ ጎራ ማለት ልማዳቸው ሆነ።

በዚያው ሰሞን አንድ ያጠፋሁት ጥፋት አለ። ሙቀት ስለነበር በሩን ወለል አድርጌ፣ ስፒከሩን ከፍ አድርጌ ነበር የማበርረው። ወደ ታች ስወረወር ጄቷ ጮኸች። ውጭ ጫጫታ ሰምቼ ብቅ ስል፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ገበያ የምታልፍ ሴት ቦዩ ውስጥ ተኝታለች፤ ልጆቹን በሰውነቷ ሸፍናቸዋለች። ዘንቢሏ ተገልብጦ ቲማቲሙ መንገዱ ላይ ተንከባሏል። ሮጬ አነሳኋት።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ! ኮምፒውተር ነው፣ ምንም የለም!»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን እያራገፈች «እንኳን አንቺ ሆንሽ» ብላኝ ሄደች። ቲማቲሙን አብሬ ስለቅም ፊቴ በእፍረት ይቃጠል ነበር።

ለሽማግሌው ነገርኳቸውና ከእንግዲህ ልተወው ነው አልኩ። 

«በረራውን አትተዪው። ድምፁን ዝጊው» አሉኝ። «እንዲያውም ይሻልሻል። ጆሮሽን ካላመንሽ የፍጥነቱንና የከፍታውን መርፌዎች ማንበብ ትለምጃለሽ።»

እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ ፍጥነቱን በዓይኔ መከተል ጀመርኩ። ፍጥነት ሳልይዝ መጀመር እንደሌለብኝ፣ ከመሳቤ በፊት ክንፎቹን ማስተካከል እንዳለብኝ አወቅኩ። ግን ገና ጫፍ ላይ አጣምማት ነበር።

በክረምቱ ጦርነቱ እኛ ጋ ደረሰ። ሱቁን ዘጋሁ። የኮምፒውተሩን ሳጥንና ጆይስቲኩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ለሽማግሌው ወሰድኩላቸው፤ ጎተራቸው ውስጥ፣ ከማሽላው ሥር ቀበርነው። ስክሪኑ ለመሸከም ስለማይመች እዚያው ሱቅ ቀረ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ። እኔም ቤቴ ብቻዬን ስለነበርኩ ባለቤታቸው «እኛው ጋ ሁኚ» ብለው አስቀሩኝ።

የፈራንበት ቀን ብዙ ነው፤ አልደብቅም። ግን የዚያ ግቢ ትዝታዬ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ፀጥ ባለ ቀን ሽማግሌው ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ያስቀምጡኝና የመጥረጊያ እንጨት በጉልበቶቼ መሃል ያቆሙልኛል።

«በይ፣ ክንፍሽ ቀጥ ይበል። ፍጥነት ያዢ። አሁን ቀስ ብለሽ ሳቢ... ሳቢ... ጫፍ ስትደርሺ ላላ አድርጊላት! አናትሽን ወደ ኋላ ጣይና አድማሱን ፈልጊ!»

አናቴን ስጥል የማንጎ ቅጠል ይታየኛል። ባለቤታቸው ከጓዳው በር ሆነው በሳቅ ይሞታሉ።

«ያ አላህ! ሁለት እብድ አብልቼ ላድር?»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ፤ ተገልብጣ እኮ ነው ያለችው!» ይሏቸዋል ሽማግሌው፣ ሳይስቁ።

እኔም ከልቤ እሠራው ነበር። ጫፉ ላይ እጄን ማላላት ያቃተኝ ከመፍራቴ እንደነበር የገባኝ በመጥረጊያ እንጨት ነው።

ጦርነቱ ከእኛ ራቅ ካለ በኋላ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የጎረቤት ቴሌቪዥን ድንገት ጮኸ። መብራት መጥቷል! ሰው ሁሉ እልል እያለ ወጣ። ሱቄ በሩ ተሰብሮ ነበር፤ ስክሪኑም ኮፒ ማሽኑም የሉም። አልቅሼ አበቃሁ። ሳምንት ቆይቼ ወልድያ ሄድኩና ያገለገለ ትንሽ ስክሪን በሚኒባስ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ አመጣሁ። ሳጥኑን ከማሽላው ውስጥ አውጥተን፣ በሩን ወዳስጠገንኩት ሱቅ ወሰድነው። ሽማግሌው በብሩሽ አቧራውን ሲጠርጉ ሞተር የሚፈቱ ነበር የሚመስሉት።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልን። ጄቷን ከፍ አደረግኳት፤ ክንፎቿን አስተካከልኩ፤ ሳብኩ። መሬቱ ከሥሬ ጠፋ፤ ሰማይ ብቻ ሆነ። ጫፉ ላይ እጄን አላላሁ። አድማሱ ከአናቴ በኩል ተገልብጦ፣ ቀጥ ብሎ መጣ። ቁልቁል ወረድኩና ቀና ስል፣ የጀመርኩበት ከፍታ ላይ ነበርኩ።

«ማሻአላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ድገሚው።»

ደገምኩት። አራት ጊዜ። ከዚያ ተነሥቼ ወንበሩን ለቀቅኩላቸው።

«ይኼው፣ ጋሼ፤ ተራው የእርስዎ ነው።»

«ተይ፣ እኔ ጠጋኝ ነኝ» አሉ። ግን ተቀመጡ። መጀመሪያ ያዩት ሰማዩን አይደለም፤ የዘይቱን መርፌ ነው። «ቢስሚላህ» ብለው ጆይስቲኩን እንደ እንቁላል ያዙት። መገልበጡን አልሞከሩትም። ቀጥ ብለው፣ ጨዋታው ውስጥ ካለው የባሕር ዳርቻ በላይ፣ ለረጅም ጊዜ በረሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ከዚያ በፊት አላየሁባቸውም።

ባለቤታቸው ፈልገዋቸው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምሳው ቀዘቀዘ እኮ! የት ደረሱ?»

«ባሕር ላይ ነኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ማረፍ ስለማልችል ነው እንጂ እመጣ ነበር።»

ጆይስቲኩን ተቀብዬ አሳረፍኩላቸው። ሱቁን ዘጋሁና ሦስታችንም ወደ ቤታቸው ለምሳ ሄድን።