ዱአ የተደረገለት ተወዳዳሪ

ሃሩን የቅሬያችን ዳኛ ነበር። ቅሬ ቀብር የምናወጣበት፣ ጠብ የምናበርድበት ማኅበራችን ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው እርሻው ከማናችንም አትበልጥም። ሃያ ዓመት ሲዳኘን ግን ለወንድሙም ቢሆን አላደላም።

የ2002 ምርጫ ሲቃረብ ቅሬው ተሰብስቦ ሃሩን ለክልሉ ምክር ቤት በግል ይወዳደር አለ። ሽማግሌዎች መዳፋቸውን ዘርግተው «አላህ ይቅደምልህ» ሲሉ ሰዉ ሁሉ «አሚን» አለ። በእኛ አገር ዱአ ከተደረገ ወዲያ እምቢ ማለት የለም።

«አፍህ የት ሄዶ ነበር?» አለችው ሚስቱ ዙሀራ።

«ሁሉም አሚን ሲል እኔም ለምዶብኝ አሚን አልኩ» አላት።

ጎረቤቶቹ ገበያ ለገበያ ዞረው የድጋፍ ፊርማውን አሟሉለት። እኔ ዘግይቼም ቢሆን ፊደል ቆጥሬአለሁና ደንቡን አነበብኩለት። የቅሬ ዳኛን ሰፈሩ ይመርጠዋል፣ አለቀ። የምርጫ ክልላችን ግን ወረዳውን ሁሉ ይዟል፤ የዘጠና ሁለት ጣቢያ ድምፅ ተደምሮ ብዙ ያገኘው ያልፋል። ሃሩን ይህን ለቅሶ ቤት ተናገረ።

«ከዘጠና ሁለት አንድ ነን። ሌላው ጣቢያ ስሜንም አያውቅ።»

«ሰፈርህ ከመረጠህ ማን ይሽርሃል?» አለችው ሙሉሐረግ የምትባል ባልቴት። «እንደ ሙሽራ አትሽኮርመምብን!»

በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ደሳለው መንገድ ላይ አገኘው። የገዥው ግንባር ሰው ነው።

«አያ ሃሩን፣ አብሽሩ፣ ድምፅ ምስጢር ነው» አለው እየሳቀ። «ማን ማንን እንደመረጠ አናይም። የጣቢያው ውጤት ግን በር ላይ ይለጠፋል። ሁሉም አንድ ቦታ ከወደቀ ምን ምስጢር አለው? ማዳበሪያውና የእርዳታው ስንዴ ደግሞ በእኔ እጅ ነው የሚያልፍ።»

ሃሩን እንቅልፍ አጣ። ከውድድሩ ቢወጣ ዱአ ሊያፈርስ ነው፤ ቢቆይ የጎረቤቱን ስንዴ ሊያስቀር ነው። ቤት ለቤት እየዞረ «ግማሻችሁ ለግንባሩ ስጡ» ብሎ ለመነ።

«ትሕትናውን እዩልኝ!» አሉ። በለመነ ቁጥር ጸኑበት።

ምርጫው ተደርጎ ወረቀቱ በር ላይ ሲለጠፍ ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ሃሩን ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት፣ ግንባሩ አንድ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለት ቀን ቆይቶ የወረዳው ድምር መጣ። ሃሩን በብዙ ሺህ ተበልጦ ወድቋል።

ክረምት ሳይገባ ደሳለው ስብሰባ ጠራና ማዳበሪያው ከመታደሉ በፊት ሰዉን በየተራ እያስነሣ ማንን እንደመረጠ እየጠየቀ መዝገብ ላይ ይጽፍ ጀመር። መጀመሪያ ሙሉሐረግ ተነሣች።

«ያቺ አንዷ የእኔ ናት።»

«ዋሽታለች፣ የእኔ ናት!» አለ ከጎኗ ያለው።

እኔም ተራዬ ሲደርስ የእኔ ናት አልኩ። እስከ ቀትር ያቺ አንዲት ድምፅ ከመቶ በላይ ባለቤት አገኘች። ደሳለው መዝገቡ ላይ አፍጥጦ ቆየና ወደ ሃሩን ዞረ።

«አንቱስ?»

ሃሩን መሬት መሬቱን አየ።

«ራሱን ነዋ፣ ሌላ ማንን ይመርጣል!» ብሎ ሰዉ ሳቀ።

ደሳለው ውሸታሙን ከእውነተኛው መለየት ስላቃተው መዝገቡን ዘጋ። ማዳበሪያውም ስንዴውም ዘግይቶ፣ አንሶም ቢሆን ታደለ።

ስንመለስ ሃሩን ወደ ኋላ አስቀረኝ።

«ያቺ አንዷ የእኔ ነበረች።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ብናገር እናንተ ሁላችሁ ውሸታም ልትሆኑ ነው። ለሰውስ እንዴት ብዬ ልንገረው? ዱአ ያደረገልኝን ሰፈር ከድቼ፣ ለማይወደኝ ሰጠሁ ልበል?»

እስኪሞት ድረስ ዳኛችን ነበር። በየሰደቃው «ሰፈሩ አንድ ልብ ሆኖ የመረጠህ፣ አላህ ያቆይህ» እያሉ ይመርቁት ነበር። እሱም መዳፉን ዘርግቶ፣ እንደዚያን ቀን መሬት መሬቱን እያየ፣ «አሚን» ይል ነበር።