የቡሬ እንገር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ከእናቴ ጋር የምንኖረው ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ላይ ነው። ነገሩን የማልረሳው ላም ስለሞተችብን ብቻ አይደለም፤ ላምማ የማንም ትሞታለች። የማልረሳው የምቆጣው ሰው አጥቼ ስለቀረሁ ነው።

ቡሬ የተዳቀለች ላም ነበረች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ቤታችን የሚያድረው በእሷ ወተት ነው። እኔ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥሬ የማገኘው ከራሴ አያልፍም። እናቴ ከእኔ ይልቅ ከቡሬ ጋር ብዙ ታወራ ነበር ብል አላጋነንኩም።

የወለደች ለት እናቴን የሚችላት አልነበረም። በእኛ ሰፈር ላም ስትወልድ እንገሩ፣ ማለትም የመጀመሪያው ወፍራም ወተት፣ ለጎረቤት ይዳረሳል። ባገኘችው ጣሳና ሳህን ሁሉ እየሞላች ሰጠችኝ፤ እኔም አደረስኩ። የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ነውር ነው።

በማግስቱ ዕቃዎቹ መመለስ ጀመሩ። ሁሉም ያሰበው ለአራሷ ነው። አንዷ የስንዴ ዱቄት፣ አንዷ ንፍሮ፣ አንዷ ከጥምቀት የተረፈ ዳቦ፣ ሌላዋ የጠላ አተላ ሞልታ መጣች። "አራስ ናት፣ ትጠንክር!" እያሉ በሳቅ ያስረክባሉ። እናቴም ሁሉንም ገንዳ ውስጥ ደባልቃ፣ በሞቀ ውሃ ለውሳ አቀረበችላት። ቡሬ የለመደችው ገለባና ድርቆሽ፣ ከዚያም ላይ እፍኝ ፉርሽካ ነበር። ያን ቀን ገንዳውን ልሳ ጨረሰች።

"እይልኝማ፣ እንዴት እንደጣማት!" አለችኝ እናቴ።

በነጋታው ቡሬ ከተኛችበት አልተነሳችም። ማመስኳቷን ትታለች። ግራ ጎኗ ተነፍቷል፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ እበቷ ውሃ ሆኖ ኮምጣጣ ይሸታል። ሮጬ የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። ወጣት ነው። ማዳመጫውን ጎኗ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።

"ሆዷ ዝም ብሏል፣ እማማ። ምን በላች?"

እናቴ ሳትደብቅ ነገረችው። እንዳይከፋት ብሎ መሰለኝ፣ ቀስ እያለ አስረዳን።

"ላም ገለባውን የምታብላላው ብቻዋን አይደለም። ትልቁ ሆዷ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍስ ያላቸው ነገሮች አሉ፤ አብኩተው ምግብ የሚያደርጉላት እነሱ ናቸው። ዱቄትና አተላ መደባለቁ አይከፋም፤ ግን በትንሽ በትንሹ መልመድ አለባቸው። ባንዴ ሲበዛ ቶሎ ይቦካል፣ ይኮመጥጣል። ኮምጣጤው እነሱን ይገድልና ወደ ደሟ ይገባል።"

"እንደ ሊጥ በለኛ" አለች እናቴ። "ሊጥስ ሲበላሽ ይደፋል።"

"በጊዜ ቢሆን ሆዷን ከፍተን እናወጣላት ነበር፣ እማማ። አሁን አቅሟ አይችልም።"

ቢሆንም ኮምጣጤውን እንዲያበርድላት የዳቦ ሶዳ በውሃ በጥብጦ አጠጣት፣ መርፌም ወጋት። እናቴ ጎኗን ስታሽላት ዋለች። "ተነሽ እንጂ የኔ እናት፣ ልጅሽ እየጠራሽ ነው" ትላታለች። ጥጃው በረቱ ጥግ ታስሮ ይጮኻል። ከሰዓት በኋላ ቡሬ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ዝም አለች። ሥጋዋ እንኳ ለሰው አልሆነም።

ሐኪሙ ዕቃውን ሲሰበስብ እናቴ ሁለታችንንም አየችን።

"በምን እንደሞተች ለማንም እንዳትናገሩብኝ። በሰጡበት እጃቸው ሲጸጸቱ እንዲኖሩ አልፈልግም።"

ጎረቤቶቹ ሰምተው መጡ። "በሷ ይለፍ፣ የሰው ነፍስ ይትረፍ" አሉን። ገሚሶቹ ዓይን ነው አሉ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ትሰማለች።

መጨረሻ ላይ የደረሱት እትዬ ዘነቡ፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ገበያ ውለው ስለነበር ወሬውን አልሰሙም። የኛን ጣሳ የባቄላ ዱቄት ሞልተው ይዘዋል።

"ዘገየሁብሽ፣ ጥሩነሽ። ለአራሷ ነው።"

እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለች። "እግዜር ይስጥልኝ" አለቻቸው። መሞቷን የነገረቻቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥጃውም ያለ እናቱ አልበረከተም። እናቴ ሌላ ላም አልገዛችም፤ የምትገዛም አይመስለኝም። "እግዜር ይተካ" ይሉናል፤ ለኛ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። አሁንም በማለዳ ተነስታ ባዶውን በረት ትጠርጋለች።

ጎረቤቶቹን መንገድ ላይ ሳገኛቸው አቅፈው ይስሙኛል። "እናትሽ እንዴት ናት?" ይሉኛል። ነገሩ አፌ ላይ ይደርስና እውጠዋለሁ። ክፉዎች ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ሞልቶ የሚወጣ ዕቃ የለም፤ የሚመለስም የለም።