አሥራ አንድ ካሜራና አንድ ቦርሳ

ቁም ሳጥኑን እንደከፈትኩ ቀድሞኝ የወጣው ሽታው ነው፤ የአሮጌ ቆዳ ሽታ፣ የናፍታሌን ሽታ፣ ከሁለቱም ሥር ደግሞ እንደ ኮምጣጤ የሚሰነፍጥ ቀጭን ሽታ፣ አባቴ ፎቶ ያጥብበት የነበረው መድኃኒት እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም ያለው። ውጪ ከሳነቴ አምባ የወረደው ጉም የባሌ ሮቤን አስፋልት ሸፍኖታል፤ ጋሪ ማለፉ የሚታወቀው በፈረሱ ኮቴ ብቻ ነው። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አሥራ አንድ ካሜራ ፊቴ ደርድሬ፣ የትኛው ይሂድ የትኛው ይቅር እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ሕይወት ናት። አንድ ቀን ከሰርግ ሥራ ሁለት ቦርሳ ትከሻዬ ላይ አንግቼ፣ ሦስተኛውን በእጄ አንጠልጥዬ፣ ወገቤን ይዤ ስገባ አየችኝና «እማ፣ አንድ ሲስተም ያዢና ሌላውን ተይው፤ አንድ ካሜራ፣ ሁለት ሌንስ፣ አንድ ዓይነት ባትሪ፣ በቃ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዲጂታል ከሚባሉት አራቱ እንኳ ጠባያቸው የምራትና የአማት ነው፤ የአንዱ ሌንስ ለሌላው አይገጥምም፣ የአንዱ ቻርጀር ሌላውን አይሞላም፣ ለአንዱ የገዛሁትን ካርድ ሌላው አልቀበልም ይላል። የፊልሞቹ ደግሞ ይብሳሉ፤ አንዱ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ አብቅሏል፣ አንዱ ፍላሹ ደስ ሲለው ብቻ ይበራል፣ አንዱ ለምን እንደተገዛ እኔም ረስቼዋለሁ። እናም ብዙ ካመነታሁ በኋላ አንድ አዲስ መረጥኩ፤ ከአዲስ አበባ መጣልኝ፤ ከነሌንሶቹ አንዲት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚያድር፣ ገና የፕላስቲክ ሽታው ያልለቀቀ ነገር።

ለአሮጌዎቹ ገዢ አላጣሁም። ኦቦ ከድር ጎባ ላይ ለተራራው ጎብኚዎች ያሠሩት የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፤ መደርደሪያው ላይ ለጌጥ የሚሆን አሮጌ ካሜራ እንደሚፈልጉ ሰምቼ ደወልኩላቸው። «አሥሩንም እወስዳለሁ፤ ኢንሻአላህ ቅዳሜ ከዘይነባ ጋር እንመጣለን» አሉኝ። አሥር ነው ያልኳቸው። አሥራ አንደኛውን አልነገርኳቸውም። አሥራ አንደኛው የአባቴ ካሜራ ነው፤ አባቴ የከድርንና የዘይነባን ሰርግ ያነሳበት፣ ከዚያም ሰርግ አንዲት ፎቶ እንኳ ያልወጣበት።

አባቴ በላይነህ ከሮቤ ገበያ መውጫ ላይ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችው። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ የየመሥሪያ ቤቱ ታፔላ በቁቤ እየተጻፈ ነው፣ መታወቂያም እንደ አዲስ ይሰጥ ስለነበር ጉርድ ፎቶ የማይፈልግ ሰው አልነበረም። በገበያ ቀን ከገሰራና ከአጋርፋ የመጡ ገበሬዎች በሩ ላይ ተሰልፈው በአንዲት ሚዶ ተራ በተራ ያበጥራሉ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ግራጫ ኮትም ተራ በተራ ያጠልቃሉ፤ ረጅሙም አጭሩም፣ ወፍራሙም ቀጭኑም የሚነሳው በዚያው ኮት ነው። የዚያን ዘመን መታወቂያ ዛሬ ቢሰበሰብ ግማሹ የገሰራ ወንድ በአንድ ኮት ውስጥ ይገኛል።

ጉርዱን አባቴ ራሱ ጓዳ ውስጥ ያጥባል። ባለቀለሙ ፊልም ግን ሻሸመኔ ድረስ ይላካል፤ ለመላክ ደግሞ ማለቅ አለበት። ስድስት ፎቶ ተነስቶበት ሠላሳው ባዶ የሆነ ፊልም ማንም አይልክም። ስለዚህ የልጁን ክርስትና ያስነሳ ሰው የጎረቤቱ ሰርግ እስኪደርስ፣ ሰርግ ያስነሳውም ዒድ ወይም ፋሲካ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ የቸኮለ ሰው መንገድ ላይ ያገኘውን ወዳጁን ጎትቶ ያመጣና «እባክህ ቁምልኝ፣ ፊልሙ ይለቅልኝ» ይላል። አንድ ፖስታ ሲከፈት የሦስት ቤት ደስታ አብሮ ይወጣ ነበር፤ የኛ ሰፈር ሰው ሌላው ቤት ምን እንደተደገሰ የሚያውቀው በዚህም ጭምር ነው።

ስንዴ የሚሸጥ ሰው ሰፍሮ ሲያበቃ አንድ እፍኝ ምራቂ ይጨምር የለ? አባቴም ምራቂ ነበረው። ፊልም ካሜራ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ብርሃን ስለሚነካው የሁለት ሦስት ፎቶ ቦታ ይባክናል። አባቴ ግን ይህ እንዳይባክን ፊልሙን የሚያስገባው ጋቢውን ተከናንቦ በጨለማ ነው፤ ጫፏን ብቻ በጣቱ ዳብሶ ማጠንጠኛው ላይ ያስይዝና ይከድናል፤ እንዲህ ሲያደርግ ሠላሳ ስድስት የተባለው ፊልም ሠላሳ ስምንት ይወጣዋል። ትርፎቹ ሁለቱ አይሸጡም። ፎቶ ተነስቶ ለማያውቅ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሽማግሌና ለአሮጊት፣ በነጻ ይሰጣሉ። እናቴ «ጋቢ ውስጥ ገብተህ ምን ትጠነቁላለህ?» እያለች ትስቅበት ነበር፤ እሱ ግን ከፎቶ ቤቱ ሥራ ሁሉ የሚኮራው በእነዚያ በሁለቱ ነው።

ዘይነባ የጎረቤታችን የእህል ነጋዴው የሐጂ ኡስማን ልጅ ናት፤ ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ ሲያመኝም በተረት የምታዘናጋኝ እሷ ነበረች። ለጎባው ከድር ስትዳር ምራቂው ለማን እንደሚሆን ሰፈሩ ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል፦ ለሐጂ እናት፣ ሁላችንም በኦሮምኛ «አኮ»፣ አያቴ፣ ለምንላቸው ለፋጡማ። አኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፎቶ ተነስተው አያውቁም፤ ስንቴ ተለምነው እምቢ ብለዋል። በዚያ ዓመት ደረታቸውን ሲያማቸው ከርሞ ነበርና ትልልቆቹ «መልካቸው ሳይቀርልን እንዳናጣቸው» እያሉ በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። በመጨረሻ ዘይነባ ጉልበታቸውን ስማ አልቅሳ ስትለምናቸው «እሺ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ» አሉ።

የሰርጉ ዕለት አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ሲሯሯጥ ዋለ። ሙሽራዋ ስትለብስ አነሳ፣ ሚዜዎቹ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ከበው ሲበሉ አነሳ፣ እናቲቱ ልጃቸውን አቅፈው ሲያለቅሱ አነሳ። ሠላሳ ሰባት ሲል አኮን በወንበር አስቀመጣቸው፣ ሠላሳ ስምንት ሲል ዘይነባን ከጎናቸው አቆመ። ፊልሙ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ሠላሳ ዘጠኝ ሆነ፣ አርባ ሆነ፣ አሁንም ማጠንጠኛው ይዞራል። «በረካ ነው!» አሉ ሐጂ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ፤ የጎባን የኮረኮንች መንገድ ሊጀምሩ የተሰናዱት ሚዜዎች ሳይቀሩ እንደገና ተሰለፉ። አርባ ሁለት ላይ አባቴ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ካሜራውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ምግብ ሳይቀምስ ወደ ቤት ሄደ። ተከተልኩት።

አልጋው ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ተከናነበ። ክዳኑ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ጋቢው ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ሲገልጠው ፊልሙ እጁ ላይ ነው፤ ከቆርቆሮው አንድ ጣት እንኳ አልወጣም። ለምራቂ ብሎ የቆጠባት ያች አጭር ጫፍ መያዣውን አልነከሰችም፤ በጨለማ ሆኖ ይህን ሊያይ አይችልም። ማጠንጠኛው ቀኑን ሙሉ የዞረው ባዶውን ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ዘይነባ በዚያ ሰዓት የጎባን መንገድ ጀምራለች፣ የአኮም «አንድ ጊዜ ብቻ» አልፏል። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሽማግሌ ከመስጊድ ይዞ ሐጂ ቤት ሄደ፤ ድንጋይ መሸከም ብቻ ነበር የቀረው። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ሐጂ ጺማቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ሙሽራዋ አለች?» አሉ።

«አለች፣ ሐጂ።»

«ሙሽራውስ?»

«አለ።»

«እናቴስ?»

«አሉ፣ ይመስገነው።»

«ታዲያ ምን ጠፋ? በመልሱ ቀን እንደገና እንድራታለን።»

ቀልድ መስሎን ነበር። ሐጂ ግን የምራቸውን ነው፤ በመልሱ ቀን የሰርጉን ዕለት እንዳለ አስደገሙት። ለከድር የተዋሱለት ሱፍ ወደ አጋርፋ ተመልሶ ስለነበር በአውቶቡስ እንደገና ተልኮ መጣ። ሚዜዎቹ ጭኮውን ከበው ለሁለተኛ ጊዜ በሉ፤ በዚህ እንኳ ማንም አላጉረመረመም። አስቸጋሪው ለቅሶው ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ቢባልም የዘይነባ እናት ግን ልጃቸውን አቅፈው ማልቀስ ሲጀምሩ ሳቅ ያመልጣቸዋል፣ እሳቸው ሲስቁ ሙሽራዋ ትስቃለች፣ ሴቶቹ ሁሉ ይከተላሉ። ዛሬም ያንን ፎቶ የሚያይ ሰው፣ ልጇን እንዲህ እየሳቀች የምትሸኝ እናት የት አገር ናት ብሎ ይገረማል።

አባቴ በዚያ ቀን ጋቢውን ቤት ትቶ መጣ። ፊልሙን ግቢው መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ ዙሪያውን ከቦት፣ ጫፉን ረጅም አድርጎ ስቦ አስገባ፤ ሐጂ ራሳቸው ጎንበስ ብለው መንከሱን አዩ። ምራቂ የሚሆን ትርፍ እንደማይኖር ሁላችንም ገብቶናል። እሱ ግን የመጀመሪያውን ፎቶ ለሙሽሮቹ አላደረገውም። ወንበር አስመጣና አኮ ፋጡማን ጠራ። አኮ ከዘራቸውን መሬት ላይ እየመቱ በኦሮምኛ ሲቆጡ ትዝ ይለኛል፦ «ያ ሳጥን ባለፈው የወሰደኝን የት ጣለኝ? ዛሬ ደግሞ የቀረችኝን ሊወስድ ነው?» እየተቆጡም ተቀመጡ። አኮ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ፎቶውን ግድግዳ ላይ አሰቅለው፣ ለእንግዳ ሁሉ «እያት፣ ያን ቀን ተናድጄ ነበር» ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የአባቴ ምራቂ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ዞረ፤ ፊልም በገባ ቁጥር የመጀመሪያዋ ለማይከፍል ሰው ነበረች። ሰው ሁሉ ነገሩን በሳቅ ሲያነሳው እሱ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ያችንም ካሜራ ብዙ ሳይቆይ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባት። ሲሞትም ወጥታ አልታየችም። እኔ ሙያውን ስወርስ ያን ሀፍረቱን አብሬ ወረስኩ። ዘይነባና ከድር በልባቸው ይቅር ብለውት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ የሚመልሱልኝን ፈራሁ።

ቅዳሜ መጡ። ኦቦ ከድር ሸብተዋል፣ ዘይነባም ወፍራለች፣ ጉንጬን እንደ ልጅነቴ ቆንጥጣ ሳመችኝ። አሥሩን ካሜራ ካርቶን ውስጥ ስንደረድር ቁም ሳጥኑን ረስቼ ገርበብ አድርጌው ኖሮ፣ ዘይነባ እጇን ሰድዳ የአባቴን ካሜራ ከነቆዳ ቦርሳዋ አወጣች። ማሰሪያውን ፈታች።

«ወላሂ እሷ ናት!» አለች።

አባዬ እስኪሞት ድረስ እንደ ቆጨው፣ እኔም ደብቄያት እንደኖርኩ፣ ሰርጋቸውን ያበላሸች ካሜራ ከአሥሩ ጋር ሆና ፊታቸው እንድትቀመጥ እንዳልፈለግሁ ነገርኳቸው።

«ያበላሸች?» አለች ዘይነባ፣ ካሜራዋን ደረቷ ላይ ይዛ። «አንቺ ልጅ፣ በባሌ ለአንድ ባል ሁለት ጊዜ የተዳረች ሴት ከኔ ሌላ ማን አለ? በመጀመሪያው ሰርጌ ፈርቼ ቀኑን ሙሉ ማንንም አላየሁም፤ ከድርን እንኳ በቅጡ አላየሁትም። በሁለተኛው ነው የሳቅኩት። ጋሽ በላይነህ ይህን ሳያውቅ ሞተ እንዴ?»

ሳያውቅ ነው የሞተው። አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

ሲረጋጋልኝ ካሜራዋን የቆዳ ቦርሳዋ ውስጥ መልሼ አሰርኩና ካርቶኑ ውስጥ፣ ከአሥሩ በላይ አስቀመጥኳት። «አሥሩ የሽያጩ ነው፣ ኦቦ ከድር፤ ይቺ ምራቂ ናት» አልኳቸው። አላንገራገሩም፤ የሮቤ ሰው ምራቂ አይመልስም። «ማረፊያው ግድግዳ ላይ ካለው ከአኮ ፎቶ ሥር ነው የማስቀምጣት» አሉ ብቻ።

አዲሱን ካሜራ ከትንሿ ቦርሳ አወጣሁ። ካርዱ ውስጥ ሺህ ፎቶ ይገባል፤ የሚያልቅ ፊልም የለም፣ ፊልሙ ይለቅልኝ ብሎ የሚጎትተኝ ጎረቤትም የለም፣ የሻሸመኔን አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰውም የለም። አባዬ የለም። ሐጂም አኮም የሉም። ሐጂ ቢኖሩ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የጠፋውን ሳይሆን ያለውን ነው፤ ዘይነባ አለች፣ ኦቦ ከድር አሉ፣ የአባቴም ሙያ እጄ ላይ አለ። ሁለቱን መስኮቱ አጠገብ፣ ካርቶኑን መካከላቸው አድርጌ አቆምኳቸውና የአዲሱን ካሜራ የመጀመሪያ ፎቶ አነሳሁ።

«መንከሱን በደንብ እዪው» አሉኝ ኦቦ ከድር ሳይንቀሳቀሱ፤ «ሦስተኛ ሰርግ አልችልም።»

ስክሪኑ ላይ አየሁት። ዘይነባ እየሳቀች ነው።