ከታች ግራ ጥግ ቀይ ነው?

ወንድሜ ጅብሪል ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ሌላው ሰው ሁሉ፣ አባታችንን ጨምሮ፣ ሰነፍ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ከጅማ ብዙ በማትርቀው ሰርቦ አጠገብ፣ ከቡና ገበሬ ቤት ተወልዶ ቀይና አረንጓዴ አለመለየት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ለቀማ ማለት ቀዩን ወስዶ አረንጓዴውን መተው ነው፤ የአምስት ዓመት ሕፃን ይችለዋል። ጅብሪል በዘጠኝ ዓመቱ አልቻለም። ቅርጫቱ ሁልጊዜ ግማሹ ጥሬ ነበር። አባታችን አባቦራ ቅርጫቱን ገልብጠው ያዩና አርጩሜ ይቆርጣሉ። «ዓይንህ የት ነው ያለው?» ይሉታል እየገረፉ። ጥያቄው እንኳን ትክክል ነበር፤ መልሱን ግን ቆም ብሎ የሚሰማ አልነበረም።

እኔ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። አንድ ቀን ከቡናው ሥር ተሸጉጦ ሲያለቅስ አገኘሁትና ሁለት ፍሬ በመዳፌ ይዤ «ቀዩ የቱ ነው?» አልኩት። ብዙ አያቸው። ከዚያ በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ የለሰለሰውን አነሣና «ይሄ» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ለአባ ልንገር ብዬ ስነሣ ቀሚሴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«አትንገሪ። ሰነፍ ይበሉኝ። ስንፍና ይለቃል፣ ዓይን ግን አይለቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅርጫቱ አባ ዘንድ ሳይደርስ ጥሬውን በድብቅ እየለቀምኩ የማወጣው እኔ ሆንኩ።

ለቀማ ያልሆነለት ልጅ ትምህርት ሆነለት። ጅማ ተማረ፣ እዚያው የቡና በሽታ የሚያጠና አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀጠረ። ሥራው ምን እንደሆነ ሲነግረኝ ሳቄ አመለጠኝ። ኮምፒውተር ላይ ኮድ ይጽፋል፤ ኮዱ ከየቀበሌው የተሰበሰበውን ቁጥር ወስዶ ካርታውን በቀለም ይሞላል። በሽታ የበዛበት ቀይ፣ ጤነኛው አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ።

«ከዓለም ቀለም ሁሉ እነዚህን ሁለቱን መረጡልህ?» አልኩት።

«ቀለሙን ማየት አይጠበቅብኝም፤ በስሙ ጠርቼ አዘዋለሁ» አለኝ ኮራ ብሎ።

ለራሱ ደግሞ መላ ነበረው። እኩል በሽታ ያለባቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ ቀጭን መስመር ያሰምርና መስመሩ ላይ ቁጥር ያስቀምጣል፤ አሥር፣ ሃያ፣ አርባ። ቁጥር ቀለም የለውም። ያም ሆኖ ሲጨርስ ካርታውን በቴሌግራም ይልክልኛል። ከላይ ቀኝ ምንድን ነው? ከታችስ? እኔም ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ እመልሳለሁ፤ እሱ መልሴን ከቁጥሩ ጋር ያስተያያል። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን፤ ቅርጫቱ ካርታ ሆነ እንጂ ሥራዬ አልተለወጠም።

ባለፈው ዓመት፣ ለቀማው ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ቡናን ከሥሩ የሚያደርቅ በሽታ ሰርቦ ዙሪያ ገባ። መድኃኒት የለውም። የተያዘው ሰፈር ቡናው ከነፍሬው ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል። ክፋቱ ደግሞ ቅጠሉ እስኪጠወልግ ድረስ ባለቤቱ አያውቅም። ናሙናው ተመርምሮ ካርታው ነው የሚነግረው። የጅብሪል አለቃ ዶክተር ትህትና ረቂቁን አይተው «እነዚህን መስመሮች አውጣቸው፤ ገበሬውን ያደናግሩታል፤ ቀለሙ ብቻ ይበቃል» አሉት። ለምን አይሆንም እንደሚል ምክንያት መናገር አይችልም። አወጣቸው።

ረቡዕ ከሰዓት መልእክቱ መጣ። «ባህሪያ፣ ከታች ግራ ጥግ ቀይ ነው?»

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ባለው ሱቄ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ላይ አቀርቅሬያለሁ። ስፒል በጥርሴ ይዣለሁ፣ የሙሽራዋ እናት ጭንቅላቴ ላይ ቆመዋል። «አዎ» ብዬ ላክሁለት። ሥዕሉን አልከፈትኩትም። ወላሂ አልከፈትኩትም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የዚያችኑ ሙሽራ የቀሚስ ፎቶ ስልኬ ውስጥ ስፈልግ ጣቴ ካርታውን ነካው። ከታች ግራ ጥግ አረንጓዴ ነበር። ለምለም አረንጓዴ። ቀዩ ከላይ ቀኝ ነው። ከላይ ቀኝ ደግሞ የአባ ቡና ያለበት ነው።

ምን እንደተፈጠረ ጅብሪል ኋላ ነው የነገረኝ። ኮዱን የገለበጠው ባለፈው ወር ከሠራው የዝናብ ካርታ ላይ ነበር። እዚያ ዝናብ የበዛበት አረንጓዴ፣ ያነሰበት ቀይ ነው። ለበሽታው የቀለሙን ቅደም ተከተል መገልበጥ ነበረበት፤ በቀለሙ ስም ጫፍ ላይ የምትጨመር አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። እሷን ረሳት። ዓይን ያለው ሰው ወዲያው ያያታል። ዓይኑ እኔ ነበርኩ።

ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። አባ ጋ ደወልኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ካርታው ለገበሬው የሚታይበት ስብሰባ ሰርቦ አዳራሽ በአራት ሰዓት ነው፣ ከስብሰባው መጥረቢያ የያዙት ሰዎች በቀጥታ ወደ ቡናው ይገባሉ። ቀሚሱን ጥዬ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ቆመ። አንዲት ሴትዮ ዶሮዋን ጭኜ ላይ አስቀምጣ ስለ ኑሮ ውድነት ታወራኛለች፤ እኔ «ኢኢ» እላለሁ፣ አንዱንም አልሰማሁም። ደርሼ ምን እላለሁ? ካርታው ተሳስቷል ብል፣ የሠራው ሰው እንዴት አላየውም ይሉኛል። እውነቱን ብናገር ወንድሜ ቀለም የማያይ ካርታ ሠሪ ተብሎ ይባረራል። ዝም ብል የጤነኛው ሰው ቡና ይነዳል፣ የታመመው ደግሞ አረንጓዴ ተብሎ በሽታውን ሲያዛምት ይከርማል። መንገድ ላይ ከብት ሲያቋርጥ ሹፌሩ ቆመ፤ «ንዳው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ያ አላህ፣ ምናለ ያኔ ስፒሉን ተፍቼ ሥዕሉን ብከፍተው! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ካርታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጅብሪል ከጎኑ ቆሟል። መሬታቸው ካርታው ላይ ከታች ግራ የሚውለው ገበሬዎች እፎይ ብለው እርስ በእርስ ይሳሳቃሉ። አባ ከፊት ወንበር ላይ ከዘራቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው ቀዩን ያያሉ።

ጅብሪል በሩ ላይ አየኝ። ሥራዬን ትቼ ሰርቦ ድረስ በከንቱ እንደማልመጣ ያውቃል። በጣቴ ወደ ካርታው ታች ግራ ጠቆምኩና «አይደለም» በሚል ራሴን ነቀነቅሁ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይቅርታ» አለ፤ ጮክ ብሎ ደገመው። «ይቅርታ። ካርታው ተገልብጧል። ቀዩ ጤነኛ ነው፤ የታመመው አረንጓዴው ነው።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ዶክተር ትህትና ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ምን ማለትህ ነው? ትናንት ሲታተም አጠገቡ ቆመህ አልነበር? አታይም?»

ማተሚያ ቤቱ ነው የተሳሳተው ቢል ማን ያውቅበታል? በል፣ እንዲህ በል እያልኩ በልቤ ለመንኩት።

«አያለሁ፤ ግን አልለይም» አለ። «ቀይና አረንጓዴ ለእኔ አንድ ናቸው። ከተወለድኩ ጀምሮ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። አባ ተነሡ፤ ሳቁም ቆመ። ወደ ጅብሪል ሦስት እርምጃ ሄዱና ቆሙ።

«ያኔም?» አሉት።

«ያኔም፣ አባ።»

ዞረው አዩኝ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አባ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ። እንዳልነግር የለመነኝ እሱ ነው ማለት ከበደኝ። አባ «አስተግፊሩላህ» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ስብሰባው እስኪያልቅ ቀና አላሉም።

መጥረቢያው ወደ ታች ግራ ሄደ። እፎይ ብለው የነበሩት ሰዎች ሲያለቅሱ አየሁ፤ የእነሱን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። ጅብሪል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ አልተባረረም። መስመሮቹ ከነቁጥራቸው ካርታው ላይ ተመልሰዋል።

ለቀማው ሲደርስ አባ ራሳቸው ደውለው ጠሩት። ከሃያ ዓመት በኋላ ቅርጫት ይዞ ቡናው ውስጥ ገባ፣ እንደ ልጅነቱ በጣቱ ጫን እያደረገ ለቀመ። ማታ ቅርጫቱን አባ ፊት አስቀመጠ። እኔ ከልማዴ እጄን ስሰድ አባ በቀስታ መለሱኝ። ቁጭ ብለው ጥሬውን አንድ በአንድ እየለቀሙ አወጡ። ጅብሪል አጠገባቸው ተቀምጦ ያያቸዋል። ያ ሥራ የእኔ ነበር።